አቶ እሺ ያቀረበው ፖም

እርሻው ውስጥ ካቦአችንን በስሙ የሚጠራው የለም፤ አቶ እሺ ነው የምንለው። አለቃ ገና አፉን ሳይከፍት እሺ የሚል ሰው ነው። ድሮ ከእኛ ጋር መሰላል ላይ ወጥቶ ፖም ይለቅም ነበር። እሱንም በቅጡ አልቻለበትም፤ ፍሬውን ይመታና የተመታውን ከሣጥኑ ሥር ይደብቃል። ካቦ ያደረገችው ምላሱ ናት።

ታናሽ እህቱ የተባይ መድኃኒት ረጪ ናት። ጓንት ስትጠይቀው «ስቶር የለም» ይላታል። ጓንቱስ ሞልቷል፤ ግን የባሕር ማዶ ገዢዎች የሚልኳት መርማሪ በምትመጣበት ቀን ጠዋት ይታደልና ማታ ይሰበሰባል። ከዚያ ፖማችን ላይ የአረንጓዴ ቅጠል ምልክት ይለጠፍበታል፤ ለአፈሩም ለሠራተኛውም የሚያስብ እርሻ ነው ማለት ነው። ያንን ቅጠል ስናይ እንስቃለን፣ ምን እናድርግ።

ዘንድሮ መርማሪዋ ሳትናገር ዱብ አለች። ጓንት ለማደል ጊዜ አልነበረም። አቶ እሺ የእጃችንን ባዶነት እንዳታይ ተንደርድሮ ከአንዱ ረድፍ ቀይ ፖም ቀጠፈ። ያንን ረድፍ እህቱ የረጨችው ትናንት ነው፤ ራሱ ነው ያዘዛት። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣

«የኛ ፖም ሳይታጠብ ይበላል» አላት።

«እንግዲያው ብላው» አለች መርማሪዋ።

ፊቱ በላብ ተጠመቀ። ወዲያና ወዲህ ተገላምጦ እህቱን አያት፤ ፖሙንም እጇ ላይ አኖረው። «እህቴ ትቅመስልዎት። ፖም ነፍሷ ነው።»

እህቱ ፖሙን አየች፤ እሱን አየች። ያ ቅጠል ከቀረ ሁላችንም እንደምንባረር ሲነገረን ኖሯል፤ እሷም ልጆች አሏት። ቀሚሷ ላይ እንኳ ሳትጠርገው ገመጠች። ዓይኗን ከዓይኑ ሳትነቅል አኝካ ዋጠች። ወንድምዬው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አጨበጨበ። በዕድሜዬ ብዙ ወራዳ አይቻለሁ፤ እንደሱ ግን የናቅኩት የለም።

ቅጠሉ ጸደቀ። እሷ ሲያስመልሳት አድራ ሥራ ቀረች። እኔ ልጠይቃት ሄጄ አጠገቧ ተቀምጬ ሳለ አቶ እሺ አንድ ፌስታል ፖም አንጠልጥሎ በሩ ላይ ቆመ።

«እህቴ፣ አጥቤ አመጣሁልሽ።»

«እዚያው ያስቀምጡት፣ ካቦ።»

«ምን ካቦ ትይኛለሽ? ወንድምሽ አይደለሁም እንዴ?»

ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።

«ወንድሜ ቢሆኑማ ኖሮ፣ ራስዎ ይበሉት ነበር።»