ከፈረሱ ኮቴ ስር ያለው ሰው

ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ስለ ጥንት የአውሮፓ ነገሥታት ሥዕል ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልተወለደም፤ ሊወለድ ያሰበም የለም። ይህንኑ እስር ቤቱ በር ላይ ለተቀበለኝ ጠባቂ ነገርኩት።

«ቀበቶህን ፍታ» አለኝ።

የሥዕል መምህር ነኝ። የታሰርኩት የአንድ ባለሥልጣን ምስል ሳል ተብዬ ከጎኑ ፍየል ስለጨመርኩ ነው። «ፍየሏ ምንን ትወክላለች?» ሲሉኝ «ፍየልን» አልኩ። አላመኑኝም።

ክፍሉ የእህል መጋዘን ነበር፤ የነቀዙ ሽታ ሳይለቅ ሰው ገባበት። አየር የሚገባው በበሩ ስንጥቅ ብቻ ነው። ስንጥቁ ጋ የሚቀመጠው ጨዋታ አዋቂው ነበር፤ የክፍሉ ሕግ ነው። በሦስተኛው ቀን ቦታው የእኔ ሆነ።

ያስገኘልኝ የብስኩት ቆርቆሮ ክዳን ነው። ከዐረብ አገር የተመለሰች የአንዱ እስረኛ እህት ቆሎ ሞልታበት መጣች። ክዳኑ ላይ አንድ ንጉሥ ፈረስ ላይ ጉብ ብሏል። አስተማርኳቸው፦ ክንፍ ያላት ሴት ድል ናት፤ መለከቱ ዝና፤ አንበሳው ኃይል፤ ከኮቴው ስር እጁን የታሰረው ሰውዬ ዐመፅ። አርባ እስረኛ አፉን ከፍቶ አዳመጠኝ። እሺ፣ አሥራ አንድ ነበርን።

አንድ ሽማግሌ፣ የአምባሰል ገበሬ፣ ክዳኑን ተቀብለው ወደ ስንጥቁ ብርሃን አስጠጉት።

«መምህር፣ ይኼ የታሰረው ሰውዬ እንኳ ምንንም አይወክልም።»

«እንዴት አባባ?»

«እግሩን እየው እስቲ። የንጉሡ ፊት እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው። የዚህ ተረከዙ ተሰነጣጥቋል፣ አውራ ጣቱ ጥፍር የለው። ወላሂ፣ ሠዓሊው አንዱን ምስኪን አስሮ ፊቱ አስቀምጦታል። ይኼ ሰው ስም ነበረው።»

ከዚያ ሁሉም እግሩን ለማየት ተጋፋ። እኔ ሃያ ዓመት ሳስተምር ሥዕል ላይ የአንድም እስረኛ እግር አይቼ አላውቅም።

«አባባ፣ እዚህ ስንጥቁ ጋ ይቀመጡ» አላቸው የቆሎው ባለቤት።

ተነሣሁላቸው። ቅናት እንደ ቃር አቃጠለኝ። ሲስቁ ለእሳቸው ሳቁ፤ ቆሎው እንኳ መጀመሪያ ወደ እሳቸው መዞር ጀመረ።

በማግስቱ ሁሉም ለሽንት ወጥተው ሲመለሱ የታሰረው ሰውዬ እግር ተፍቆ ቆርቆሮው ያበራል።

«ዝገት ነው» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

ሽማግሌው ክዳኑን አዩ። የእኔን አውራ ጣት አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብስበው ከስንጥቁ ፈቀቅ አሉ።

«ና እዚህ ተቀመጥ፣ መምህር። አፍነንሃል።»

ዛሬ ተማሪዎቼን የነገሥታት ሥዕል ሳሳይ «መጀመሪያ ከታች ያለውን ሰው እግር እዩ» እላቸዋለሁ። ከማን እንደተማርኩትም እነግራቸዋለሁ። ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ፤ ያንን እግር በጥፍሬ የፋቅሁት እኔ ነኝ።