የድካም ጥናት

ዓረብ አገር፣ ሺፋ በሚባል ሰፈር በምሠራበት ቤት የማዳሜ ልጅ ለዩኒቨርሲቲዋ የምታጠናው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የቤት ሠራተኞችን ድካም!

«ዘይነብ፣ ቁጭ በይና ሳትፈሪ ንገሪኝ» አለችኝ። ገና ከመቀመጤ ሻይ አማራት፤ ተነሣሁ። ሻዩን ይዤ ስመለስ «ምን ቢደረግልሽ ያሳርፍሻል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አንዲት ጁምዓ እንኳን ጠግቤ ብተኛ» አልኳትና የወገቤንም የጉልበቴንም ጣጣ ዘረገፍኩላት። ልጅቷ እንባዋ መጣ።

«ኸላስ፣ በቃ፣ አሁኑኑ ለእማዬ እነግራታለሁ!» ብላ እየሮጠች ወጣች። እኔ ሞኟ የጁምዓ እንቅልፌን ከወዲሁ ማጣጣም ጀመርኩ።

አመሻሹ ላይ ማዳም ወጥ ቤት ድረስ መጣች፤ ፊቷ በሐዘኔታ ተሞልቷል።

«ዘይነብ፣ ልጄ ያንቺን ስቃይ ስትሰማ ውላ በጣም ደክማለች። ጁምዓን ጠግባ ትተኛ። ቁርሷን አልጋዋ ድረስ ውሰጅላት፤ ታናናሾቿንም እንዳይቀሰቅሷት ቀኑን ሙሉ አንቺ ያዢልኝ።»