ለጋ ቅቤ የጠጣው ካቴና

ደብረ ማርቆስ ላይ ሞተር ሳይክል ጠጋኝ ነኝ። ጎበዝ ነኝ፤ ሌላ ሰው እስኪመሰክርልኝ አልጠብቅም። ሌላ እጅ የነካውን ሞተር ደግሞ አላምንም።

ያን ሁዳዴ መርጡለ ማርያም ሽማግሌ ልልክ ሆነ። የልጅቷ አባት የቆሎ ትምህርት ቤት መምህር ናቸው፤ አገር ምድሩ የኔታ ይላቸዋል። በጾም ሳቅ እንኳ የማይወዱ ሰው! እሷን ካልሰጡኝ ሌላ ሴት አላይም ብዬ ምያለሁ። ሞተሬን ይዤ ጉንደ ወይን አባቴ ቤት ገባሁና ዋዜማውን ስፈትሸው ዋልኩ። የባትሪውን ጫፎች ፈገፈግኩ፣ ፊውዝ ቀየርኩ፣ የተላጠ ሽቦ ጠቀለልኩ። ካቴናውን በላምባ አጥቤ፣ ጠዋት ዘይት እቀባዋለሁ ብዬ እንዲደርቅ ተውኩት።

በማግስቱ ሁለቱ አጎቶቼ በሚኒባስ ቀደሙ። ሦስተኛው ሽማግሌ የንስሐ አባታችን ናቸው፤ የሁዳዴ ቅዳሴ እስኪወጣ መኪናው አመለጣቸው።

"በሞተርህ አድርሰኝ" አሉኝ።

"አባ፣ አግቢ ከሽማግሌ ጋር ይሄዳል እንዴ? ነውር አይደለም?"

"ሄልሜትህን አታውልቅ። ሾፌር ነው እላለሁ።"

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ልነሳ ስል ካቴናውን ባየው ያብረቀርቃል። ለካ ትናንት ቀብቼዋለሁ፤ ፍቅር አስረስቶኝ ነው አልኩና ሄድኩ። ጎበዝ ነኝ አላልኩም?

መንገድ ላይ የየመንደሩ ውሻ ተከተለን። አባ ከኋላዬ እግራቸውን ሰብስበው "ምን አድርገንባቸው ነው?" ይላሉ። እኔ የሞተሩ ድምፅ ነው እላለሁ።

ስንደርስ የኔታ ከአጎቶቼ ጋር ደጃፍ ቆመው ነበር። አባ ሲወርዱ ነጩ ኩታቸው ከጫፉ እስከ ወገቡ ቢጫ ሆኗል። የየኔታ ውሻ መጣና ካቴናውን ይልስ ጀመር። ካቴናው ሲያልቅበት ወደ አባ ኩታ ዞረ። የኔታ ጎንበስ ብለው አሸተቱ።

"ቅቤ! በሁዳዴ!"

"በስመ አብ! ኧረ እኔ ዛሬ ውኃም አልቀመስኩ!" አሉ አባ።

አጎቶቼ መሬት መሬት ያያሉ። የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ሾፌር፣ ይህ ቅቤ ከየት መጣ?"

ላቤ ሄልሜቱ ውስጥ ተንቆረቆረ። ያኔ ነው የገባኝ። አባቴ የጭነት መጫኛ ጠፍሩ ሲደርቅበት ቅቤ ቀብቶ ነው የሚያለሰልሰው። ውይ አባቴ፣ ገደልከኝ! በንዴት ደወልኩለት። በሄልሜት ስልክ ጆሮ ላይ አይለጠፍምና ድምፁን ለቀቅኩት።

"አባዬ፣ ካቴናውን ምን ቀባኸው?"

የአባቴ ድምፅ ግቢውን ሞላው። "ደርቆ አየሁታ ልጄ! ለሙሽራ ጉዳይ በደረቅ ብረት አይሄድም ብዬ ለጋውን ቅቤ አጠጣሁት። ለፋሲካ ተብሎ የተቀመጠውን ነው፤ ለእናትህ እንዳትነግር። ለመሆኑ ልጅቷን ሰጡህ ወይ?"

ሄልሜቱን አወለቅኩ፤ ከዚህ በኋላ ምን ይደበቃል? ለየኔታ እጅ ነሳሁ። አለቀልኝ አልኩ።

የኔታ ካቴናውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ስልኩን አዩ።

"አባትህ ቅቤውን ከነቅሉ ነው የጨረሰው?" አሉ።

"እንጃ፣ የኔታ።"

"ጨርሻለሁ!" አለ አባቴ ከስልኩ ውስጥ።

የኔታ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ከለል አደረጉ፤ ትከሻቸው ግን ሲንቀጠቀጥ አየሁ። "የፋሲካውን ቅቤ ለብረት ያልሰሰተ ቤት ለልጄ ምን ይሰስታል? ግቡ" አሉ። ዞር ብለው ደግሞ "አንተ ግን እዚያው ከሞተርህ ጋር ቆይ። ነውር ነው" አሉኝ።

የፋሲካ ዕለት የእናቴ ዶሮ ወጥ ቅቤ አልነበረውም። እናቴ አባቴን ስትወርድበት እሱ አንገቱን ደፍቶ ይበላል። እኔ አባቴን ሁለቴ አጎረስኩት።