ባሕሩ በተዘጋ ጊዜ

ሰው እያለቀ ደስ አለኝ ማለት ያሳፍራል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ኮሮና ባሕሩን ዘጋልኝ። መንግሥት ማንም ባሕር ዳርቻ ድርሽ እንዳይል ሲከለክል ታናሽ ወንድሜ ሥራ ፈታና፣ መንገዱ ሳይዘጋ ከኬፕታውን ተነሥቶ ከባሕር ርቃ ጻካኔ ሰፈር ካለችው ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቄ፣ ደረሰ።

የወንድሜ ሥራ ለሰው የሚነገር አይደለም። እዚያ ክረምቱ ሲበረታ ከፎቅ የሚበልጥ ሞገድ ይነሣል። የሚበሉት ያላጡ ሰዎች ሳንቃ ላይ ቆመው በዚያ ሞገድ ይንሸራተታሉ። ሞገዱ ከጣላቸው ታች ወስዶ ያገላብጣቸዋል፤ ሳይተነፍሱ ደግሞ ሁለተኛው ይመጣባቸዋል። እሱ በውኃ ሞተር ሳይክል ገብቶ ጎትቶ ያወጣቸዋል። ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ በእረፍቱ ቀን ራሱም ሳንቃው ላይ ይወጣል። ኩሬ እንኳ ሳያይ ያደገ ልጅ ነው። ትከሻው የወለቀ ጊዜ ለእናታችን ከመሰላል ወደቅኩ አላት። እሷ የምታውቀው ዓሣ አስጋሪ ጀልባ ላይ እንደሚሠራ ነው።

ሱቅ ውስጥም አላረፈም። ትንፋሼ እንዳያጥር ብሎ በበቆሎ ዱቄት ከረጢቶች መካከል በጀርባው ይጋደምና ትንፋሹን ይይዛል። እኔ በብረት ፍርግርጉ እየሸጥኩ ዓይኔ ደረቱ ላይ ነው። ሳሙና ለጠየቀኝ ሻማ እሰጣለሁ። አንድ ቀን ደንበኛዬ የሆኑ ጎጎ፣ የሰፈሩ አሮጊት፣ አሻግረው አዩትና “ሲሲ፣ እኅቴ፣ ይሄ ልጅ አይተነፍስም” አሉኝ። ሳላስረዳቸው ማስካቸውን ከፍ አድርገው ሄዱ። እስኪመሽ ድረስ ሰፈሩ ሁሉ ሱቃችን ውስጥ ኮሮና የገደለው ሰው አለ ብሎ ሸሸን። እሱ ሳቀ፤ እኔ ቱግ አልኩ።

“መሞትን እዚህ ወለል ላይ ነው የምትለማመደው?”

“መሞትን አይደለም እትዬ፣ መረጋጋትን ነው። የሚሰምጠው የሚታገለው ነው።”

“ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል አልሰማህም?”

“አንቺስ? በዚህ ፍርግርግ ሌቦች ሽጉጥ ሲደግኑብሽ ሱቅሽን ዘጋሽ?”

እኔም ያንን ለእናታችን አልነገርኳትም።

ጸሎት ቤቱ ስለተዘጋ ቤተሰቡ እሑድ እሑድ በስልክ ይጸልይ ነበር። እናታችን አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ ሆና ትመራለች፤ እኛ ስልኩን ብስኩት መደርደሪያው ላይ አቁመን እንሰማለን። ልመናዋ አንድ ነው፤ “ጌታ ሆይ፣ የተዘጋውን ባሕር ለልጄ ክፈትለት፤ እንጀራው እዚያ ነው።” ዘመድ ሁሉ አሜን ይላል። እሱም ጮክ ብሎ አሜን ይላል። የእናት ጸሎት ላይ ዝም አይባልምና እኔም እላለሁ። ስልኩ ሲዘጋ ግን ጓዳ ገብቼ “ጌታዬ፣ እባክህ እንዳትሰማት” እላለሁ። በገዛ እናቴ ላይ ስጸልይ ከረምኩ።

ጌታ እሷን ሰማት። ክልከላው ተነሣ፤ ክረምቱም ገና አልወጣም ነበር፤ ወንድሜ ቦርሳውን አዘጋጀ። አልቅሼ ለመንኩት። እንቢ ሲለኝ ለእናታችን እነግራታለሁ ብዬ አስፈራራሁት።

“ንገሪያት” አለ፤ “እኔም ስለ ሽጉጡ እነግራታለሁ።”

ሁለታችንም እንደማንናገር እናውቅ ነበር። ታክሲ ድረስ ሸኘሁት።

ከሄደ በኋላ አንድ እሑድ ጠዋት መልእክት ላከልኝ። ትልቅ ሞገድ እየመጣ ነው፣ ዛሬ እኔም እገባለሁ ይላል። አንብቤ ሳልጨርስ የጸሎቱ ጥሪ ገባ። የእናታችን ድምፅ በደስታ ይንቀጠቀጣል።

“ጌታ ባሕሩን ከፍቶለታል፤ ዛሬ ምስጋና ብቻ ነው። ታላቋ አንቺ ነሽ፣ እስቲ አመስግኚልን” አለችኝ።

ሁሉም ጠበቁኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ምስጋናው ግን አልወጣ አለኝ። “ጌታ ሆይ፣ አውጣው” አልኩ። “አውጣው” አልኩ ደግሜ።

ዘመዶቻችን አሜን አሉ። እናቴ አላለችም። ቀስ ብላ፣ “ልጄ፣ ከምን?” አለችኝ።