ካናቴራዬ ላይ ያተምኩት ሎሚ

በጃንሆይ ዘመን በመላው ንፋስ መውጫ ካናቴራ ላይ ቅጠል የምታትም ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሌላ እብድ አልነበረማ! ትምህርቴን ስምንተኛ ላይ አቁሜ ቤት ተቀምጫለሁ። ድንች ለሁለት እሰነጥቅና በቢላዋ ጫፍ የገብስ ዛላ ወይ የባቄላ አበባ እቀርጽበታለሁ። ከዚያ የጨርቅ ማቅለሚያ አስነክቼ ነጭ ካናቴራ ላይ ጫን ማድረግ ነው። ለአንድ ካናቴራ አንድ ሥዕል፤ ከዚያ በላይ ሞቼ እገኛለሁ!

"ምነው፣ ቀለም አለቀብሽ?" ይለኛል ገዢው።

"ዓይንህ እንዳይደክም ብዬ ነው" እለዋለሁ።

እናቴማ "ገብሱ ደጅ ሞልቶ የለም እንዴ? ድንቹን ጨረሽብኝ እኮ!" እያለች ስትነጫነጭ ትውላለች።

የካናቴራ ስፌት ሲተረተር የሚጠግንልኝ አንድ ወጣት ልብስ ሰፊ ነበር። ወደድኩት። ምን እደብቃለሁ፣ ክፉኛ ወደድኩት! እሱም እንደሚወደኝ አውቃለሁ፤ እኔ ስመጣ ክሩ መርፌ ውስጥ አልገባ ይለዋል። ግን አፍ የለውም። ዓመቱን ሙሉ ከ"ደህና ዋልሽ" አላለፈም። እናቴ ደግሞ ከጥምቀት በኋላ ለአንድ የአርብ ገበያ ሀብታም ልትድረኝ ዳር ዳር ማለት ጀምራለች።

በጥምቀት ጎረምሳ የወደዳት ልጅ ደረት ላይ ሎሚ ይወረውራል፤ ቀጥሎ ሽማግሌ ይልካል። የኔው ሰው ዓይን አፋር ስለሆነ ዒላማውን ላሳየው ብዬ፣ የራሴ ካናቴራ ደረት ላይ አንድ ቢጫ ሎሚ ከነቅጠሉ አተምኩ። በብልጠቴ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ።

የጥምቀት ዕለት በዚያ ብርድ ነጠላዬን ገለጥ አድርጌ ቆምኩ። አንዱ ጎረምሳ ሎሚውን አነሳ፣ ደረቴን አየ፣ እጁን አወረደ። ጓደኛውንም "ተዋት፣ ይቺ ተመታለች" አለው። ወይ ጉድ! ለካ ሎሚ ያረፈባት ልጅ የሰው ናት፤ ማን ደፍሮ ይወረውርባታል? እኔ ይሄን ሳላስብ ቀለም ስበጠብጥ ከርሜያለሁ።

ልብስ ሰፊዬም መጣ። ደረቴን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። ከኪሱ ሎሚውን አወጣና በጥርሱ ነክሶ ይመጠው ጀመር። የኔን ሎሚ! ሰዉን እየገፋሁ ደረስኩበት።

"ማን ነው የወረወረብሽ?" አለኝ መሬት መሬት እያየ።

"ድንች ነዋ! ድንች!"

አልገባውም። ንዴቴ ጣራ ነካ፤ የተመጠጠውን ሎሚ ከእጁ መንጭቄ ደረቱን አልኩት! ውሃው እስከ አገጩ ተረጨ። ከኋላዬ አንዲት ባልቴት "በስመ አብ! ሴት ወረወረች!" ብለው አማተቡ። ወሬው ከኔ ቀድሞ ቤት ገባ፤ እናቴም "አዋረድሽኝ" ብላ አኮረፈችኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌዎች ደጃችን ቆሙ።

"ምን እግር ጣላችሁ?" አለች እናቴ፣ ፊቷን እንዳጠቆረች። ተቀመጡ ብትላቸው እምቢ አሉ።

አንጋፋው ጉሮሯቸውን ጠራረጉና "የመጣነው ለአቤቱታ ነው። ልጃችን በአደባባይ ተመትቷል፤ ካሣ ይገባናል" አሉ።

"የምን ካሣ?" አለች ደንግጣ።

"የመታችውን ልጅ ይስጡን።"

እኔ ጓዳ ተደብቄ እሰማለሁ። መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት።