የናይጄሪያው ፊልም አራተኛ ትርጓሜ

ባለፈው ሳምንት ከዳባት ወደ ደባርቅ ስመለስ ሚኒባሱ ጎማ ተነፈሰበትና ከመንገዱ ዳር ወረድን። ከገብሱ ማሳ ውስጥ ነፋሱ አንድ ነገር ያስጮህ ነበር፤ ቀጭን፣ የማያቋርጥ፣ ንብ ጠርሙስ ውስጥ ገብታ የምታሰማው ዓይነት ድምፅ። ጠጋ ብዬ ሳየው የቪዲዮ ካሴት ክር ነው። ገበሬው ወፍ እንዲያባርርለት ከካሴቱ መዝዞ ከእንጨት እንጨት ወጥሮታል። ቡናማው ክር በፀሐይ እያብለጨለጨ ይርገበገባል። የምን ፊልም እንደነበረ ማን ያውቃል። እኔ ግን ድምፁን ስሰማ የሞቀ ፕላስቲክና የቤንዚን ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ ጎማው ተቀይሮ እስኪጠሩኝ ድረስ ከዚያው አልተንቀሳቀስኩም።

ልጄ፣ አንተ ፊልም በስልክ የምታይ ሰው ነህና ያችን ቤት ላሳይህ። ደባርቅ ገበያው ዳር ያለች፣ በጭቃ የተመረገች፣ ቆርቆሮ ክዳን ቤት ነበረች። ቪዲዮ ቤት እንላት ነበር። መስኮቶቿ በጥቁር ጨርቅ ተጋርደዋል፤ በጣሪያው የሚስማር ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ሽምብራ ሽምብራ እያከለ በሰዉ ራስ ላይ ይበተናል። ውጭ ጄኔሬተሩ ያጓራል። ቅዳሜ ከሰዓት ገበያተኛው ሸጦ ለውጦ ሲጨርስ ጋቢውን እንደተከናነበ ይገባና ከባሕር ዛፍ አግዳሚው ላይ ይደረደራል፤ ቤቱን የእርጥብ ጋቢና የበግ ሽታ ይሞላዋል። የቤቷ ባለቤት ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ የሾለ ሴት ነበረች።

እኔ ዕድሜዬ ወደ አርባ ይጠጋ ነበር፤ ጠጉሬ ገና ጥቁር ነው። ሬዲዮና ቴፕ እጠግናለሁ። ማንም አላስተማረኝም። የመጀመሪያዋን ሬዲዮ ፈትቼ ስገጥማት ሁለት ብሎን ተርፎኝ ነበር፤ እሷ ግን ከበፊቱ ጠርታ ተናገረች። እንግሊዝኛንም እንዲሁ ነው የያዝኩት፤ አንድ መዝገበ ቃላት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ እስከ መጨረሻው አንብቤ። የዚያች ቤት ማጫወቻ እኔ ከአጠገቡ ካልተቀመጥኩ አይሠራም ነበር። ስለዚህ ምስሉን የሚያቆመው ቁልፍ በእጄ ነው። ቁልፉ በእጁ የሆነ ሰው ደግሞ ይናገራል።

ከሁሉም አብልጦ የታየው አንድ የናይጄሪያ ፊልም ነበር። ሽፋኑ ጠፍቶ ርእሱን የሚያውቅ ስላልነበረ ሰዉ «የእናትየዋ» ነበር የሚለው። ልጅ ከገጠር ወጥቶ ትልቅ ከተማ ይገባል፤ ይከብራል። እናቱ በራሷ ላይ ቅርጫት ተሸክማ ቤቱን ፈልጋ ትመጣለች። ዘበኛው በሩ ላይ ያግዳታል። ልጁ በመኪና ሲወጣ ዘበኛው ይጠይቀዋል፤ እሱም ተመለከታትና «አላውቃትም፣ እብድ ናት» ይላል። ከዚያ ወዲያ መድኃኒት አደረገችበት የምትባል ሚስት አለች፣ ጠንቋይ አለ፣ ሰባኪ አለ፣ ማበድ አለ። የሚናገሩት ግማሹ እንግሊዝኛ ከመዝገበ ቃላቴ ውስጥ አልነበረም፤ ዓይን ላለው ሰው ግን ይህ ችግር አይሆንም።

ቁልፉን እጫንና «አንድም» እላለሁ። መጽሐፍ የሚተረጉሙ ሊቃውንት ቃሉን በአንድ ፍች አይተዉትም፤ እንዲህ ነው ይላሉ፣ ቀጥለው ደግሞ አንድም እንዲያ ነው ይላሉ። ይህን ከአባቴ ነው የሰማሁት። ለፊልም እንዲሆን ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ፤ ከእኔ በፊት ያደረገ ካለ ይምጣና ይንገረኝ። መጀመሪያ የመደብን ነገር አስረዳለሁ፤ ዘበኛው ራሱ ድኻ ሆኖ ሳለ ለሀብታም ብሎ ድኻ ይገፋል። አንድም፣ እናትየዋ በአገሯ ቋንቋ ስትናገር ልጁ በእንግሊዝኛ ይመልስላታል፤ ነጩ ገዥ አገራቸውን ለቆ ቢሄድም ከልጁ አፍ አልወጣም። አንድ ቅዳሜ ደግሞ የቪዲዮ ቤቷ ባለቤት ከበሩ ላይ ሆና አቋረጠችኝ።

«አላውቃትም ያለው እሱ፤ መድኃኒት አድርጋበት ነው የምትባለው ሚስቱ። እናንተ ወንዶች ለጥፋታችሁ ሁሉ ሴት አታጡም» አለች።

ሰዉ ሳቀ። በሚቀጥለው ቅዳሜ «አንድም» ብዬ የእሷን ሦስተኛ አድርጌ አስገባሁት። ትኩር ብላ አየችኝና ይቺስ የኔ አልነበረችም ወይ አለችኝ። እንዳልሰማሁ ሆንኩ።

መምህሩ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ቀጭን፣ ትሑት ልጅ። ክረምት ክረምት ጎንደር እየወረደ ዲግሪውን ይማር ነበር። እዚያ አንድ የአፍሪካ ፊልም በተለያዩ ንድፈ ሐሳቦች መነጽር መርምራችሁ አቅርቡ ተብለዋል። የእኔን ትርጓሜ ሁለት ቅዳሜ ሰማና ወደ ሱቄ መጣ።

«ጋሼ፣ እኔ አራት መጽሐፍ ገልጬ ያላገኘሁትን እርስዎ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይናገሩታል» አለኝ።

እውነቱን ነው። ይቺ ማርክሳዊ ትባላለች፣ ይቺ ድኅረ ቅኝ ግዛት፣ ይቺ ፌሚኒዝም እያለ ስም አወጣላቸው። ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ሲወጣ በየቀኑ ይመጣ ነበር። በሚቀልጠው የብየዳ እርሳስ ጭስ ውስጥ ዳቦና ሻይ አቅርበን እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ሥራው ሲቀርብ አብረን ጎንደር እንደምንወርድና መጨረሻ ላይ እኔ ራሴ እንደምናገር ቃል ገባልኝ። ልጄ፣ እንደዚያ የሰማኝ ሰው በሕይወቴ አልነበረም።

አንድ ቀን ብዕሩን እንደያዘ ጠየቀኝ። «እናትየዋ በሩ ላይ ስትደርስ ለምን ሁልጊዜ ጎንበስ ብለው ማጫወቻውን ይወለውላሉ?» አለኝ። ሦስት ጊዜ አይቶኛል። ይህን ሚስቴ እንኳ አላየችም።

ነገርኩት። በአብዮቱ ዘመን አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የቅኔ ትምህርቴን ትቼ እዚሁ ደባርቅ የወጣት ማኅበር ገብቻለሁ፤ በውይይት ክበቡ ከእኔ በላይ የሚናገር የለም። አባቴ ከተራራው ማዶ፣ በመካነ ብርሃን ቄስ ነበር። አንድ ቀን ያንን ሁሉ መንገድ በእግሩ መጥቶ፣ ጥምጣሙ አቧራ ለብሶ፣ በሶ በአቁማዳ ይዞ ከስብሰባው በር ላይ ቆመ። ሊቀመንበሩ ይሄ ቄስ ያንተ ነው እንዴ ብሎ በሰው ፊት ጠየቀኝ። «አይደለም። ያገራችን ሰው ነው» አልኩት። አባቴ ሰማኝ። አቁማዳውን ለዘበኛው ሰጠና «ለዚያ ልጅ ስጥልኝ» ብሎ ተመለሰ። «ለልጄ» አላለም። ዓመት ሳይሞላው ሞተ።

መምህሩ ብዕሩን ከደነ። «ይህን አልጽፈውም ጋሼ» አለኝ።

ጎንደር የወረድነው ማለዳ ነው። ኮቴን አስተኩሼ ለብሼ፣ የምናገረውን ወገራን እስክናልፍ በልቤ ስደግም ነበር። ክፍሉ የጠመኔና የእርጥብ ጃንጥላ ሽታ ነበረው። ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። መምህሩ ወጣና ጀመረ፤ እንግሊዝኛው ጥሩ ነበር፣ አንዲት ቃል አላመለጠችኝም። ሦስቱን ትርጓሜዎች በተራ አስረዳ፤ ሁሉም የእሱ ሆነዋል። ቀጥሎ አራተኛው የተመልካች ሥነ ልቡና ነው አለ። መደበኛ ትምህርት ያልተከታተለ የአንድ ትንሽ ከተማ ተመልካች እንደ ምሳሌ አቀርባለሁ አለ።

ያ ተመልካች እኔ ነበርኩ። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅነቴን ተናገረ። በሩን፣ ጥምጣሙን፣ አቁማዳውን ተናገረ። ሰውየው ፊልሙን ያለማቋረጥ የሚተረጉመው ከዚያች በር ለመሸሽ ነው ብሎ ደመደመ። የጎንደሩ አስተማሪ ራሱን እየነቀነቀ በጣም ጥሩ አለ። ከፊቴ የተቀመጠች ልጅ «ቄስ፣ በሶ» ብላ ስትጽፍ አየሁ። ከተማሪዎቹ አንዱ ደባርቅ የሚያስተምር ሰው ነበርና ዞሮ አየኝ። ቀስ ብዬ ተነሥቼ ወጣሁ፤ ማንም አልጠራኝም።

የቀረው አውቶቡስ አንድ ብቻ ስለነበረ አብረን ተመለስን። ዳባት ደረስን። መስታወቱ በጉም ታውሯል።

«ስምዎን እኮ አልጠራሁም ጋሼ» አለ።

«ጥምጣሙን ጠርተሃል» አልኩት።

ያደረገው ባይገባው ኖሮ ይሻል ነበር፤ ስምዎን አልጠራሁም ሲለኝ መስታወቱን እንጂ እኔን አላየምና ገብቶታል። እኔን ያሳረረኝ ግን ሌላ ነው። የደመደመው ነገር እውነት ነበር። ሰው ሁሉ ሊቅ ሲለኝ፣ ከሊቅነቴ ሥር ያለውን እሱ አንድ ብቻውን አየው፤ አይቶም ለማርክ አዋለው።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደባርቅ ገባ ማለት ይቻላል። ገበያ ሳልፍ ጨዋታ የሚያቆሙ ሰዎች አጋጠሙኝ። ቅዳሜ ሲደርስ ብቀር ማመኔ ነው ብዬ ሄድኩ። ቤቱ እንደዚያን ቀን ሞልቶ አያውቅም። ሦስቱን እንደወትሮዬ ተረጎምኩ፤ እንዲያውም አሳምሬ። እናትየዋ በሩ ላይ ስትደርስ እጄ ሳላውቀው ወደ መወልወያው ጨርቅ ሄደ።

«ሊቁ፣ ይቺን ቦታ ሁልጊዜ ትዘላታለህ። እስቲ ዛሬ ተርጉማት» አለ ከፊት የተቀመጠው እህል ነጋዴ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ።

«ፊልሙን እንይበት፣ አንተ ሰውዬ» አለችው ባለቤቷ።

ቁልፉን ተጫንኩ። ምስሉ ነጭ ነጭ መስመር እያወጣ ቆመ። አፌን ከፈትኩ። ቃል አጥቼ የማላውቅ ሰው፣ አንዲት ቃል አጣሁ። ጄኔሬተሩ ብቻ ያጓራል።

ያኔ ከኋላ፣ ከግድግዳው ሥር፣ የመምህሩ ድምፅ መጣ። መኖሩንም አላወቅሁም ነበር።

«አንድም፣ ልጁ አላያትም። ፀሐይ ዓይኑን ወግታው ነበር።»

እህል ነጋዴው ምስሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተና «እንዲያም ይሆናል» አለ።

ዞሬ አላየሁትም። ይቅርም አላልኩትም። በዓመቱ ወደ አገሩ ተዛውሮ ሲሄድ አውቶቡስ ተራ ድረስ እንኳ አልሸኘሁትም፤ ዛሬ የት እንዳለ የሚነግረኝ የለም። ነገር ግን ይህን ልንገርህ። በዚያች በር ላይ ፀሐይ የለም። ዝናብ ነው የሚዘንበው። ምስሉ በፊታችን ቆሞ፣ ውኃው ከእናትየዋ አገጭ ሲንጠባጠብ ቤት ሙሉ ሰው ያየው ነበር። ያን ፊልም የእኔን ያህል ያየ የለም፤ ስሕተት ሰምቼም ሳላርም አልፌ አላውቅም። ጣቴን ከቁልፉ ላይ እንዳሳረፍኩ ጥቂት ቆየሁና ተጫንኩት፤ ፊልሙ ቀጠለ።