«ጭማሪ እንዳለ ሰማሁ»

ይህ የሆነው መንግሥት የእኛን የመምህራንንና የሌሎች ሠራተኞችን ደመወዝ ማስተካከሉን ባስታወቀበት ሰሞን ነው። ክረምቱ ገና አልወጣም ነበር። እስካሁን ባሰብኩት ቁጥር አንዴ ያስቀኛል፣ አንዴ ደግሞ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ባለቤቴ ሰናይት «አንተ ደግሞ አልቃሻ ሆነሃል» ትለኛለች።

ላፍቶ አካባቢ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። የምንኖረው ለቡ መብራት ኃይል፣ አዴ ጫልቱ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነው። ሰፈሩ ሁሉ «አዴ» ነው የሚላቸው፤ እንደ «እማማ» ማለት ነው። አካባቢው ማሳ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እዚያው የኖሩ ናቸው፤ ዛሬም ጓሯቸው ላሞች አሉ፣ ወተት ይሸጣሉ። ቁጡ ናቸው። ሰላም ሲሉህ እንኳ የተቆጡህ ይመስልሃል።

ክፍላችን ክረምት ክረምት ታፈሳለች። አልጋችን አጠገብ ሳፋ አስቀምጠን ነው የምናድረው። «ይጠገንልን» ለማለት ግን ትንፍሽ ብለን አናውቅም፤ አከራይ ካደሰ ይጨምራል።

ሰናይት ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ለአዴ ጫልቱ ግን አልነገርናቸውም። አዲስ አበባ ተከራይቶ የኖረ ያውቀዋል፤ አከራይ ከስምህ በፊት የሚጠይቅህ «ልጅ አላችሁ?» ብሎ ነው። ልጅ ውሃ ያስጨርሳል፣ ልጅ ግድግዳ ያቆሽሻል። እስኪወለድ ድረስ ዝም እንበል ተባባልንና ሰናይት ነጠላዋን ሰፋ አድርጋ እየለበሰች ስትወጣ ስትገባ ከረመች።

ዜናው በተነገረ ማግስት ትምህርት ቤት ምዝገባ ላይ ነበርን። መምህራን ክፍል ውስጥ የነበረው ጫጫታ አይጣል ነው! አንዱ «ተገላገልን» ይላል፣ ሌላው «እስቲ መጀመሪያ ኪሳችን ይግባ» ይላል። ርዕሰ መምህራችን ደግሞ «ለእናንተስ ተጨመረ፤ የትምህርት ቤቱ በጀት ግን አልተለቀቀም። ጠመኔውን እንግዲህ እናንተው ትገዛላችሁ» አሉን። ቀልዳቸውን ይሁን ከልባቸው ዛሬም አላወቅንም።

ወደ ቤት ስመለስ ያገኘኝ ሁሉ «እንኳን ደስ ያለህ መምህር!» ይለኛል። ባለሱቁ ሽንኩርት ላይ ጨምሮ ጠበቀኝ። «ምነው?» ስለው «ለእናንተ ተጨምሮ የለ እንዴ!» አለኝ እየሳቀ። አቤት ፍጥነት! እኔ ገና ቤሳ አልያዝኩም።

ግቢ ስደርስ አዴ ጫልቱ በሩ ላይ ቆመዋል።

«መምህር፣ ጭማሪ እንዳለ ሰማሁ» አሉኝ።

እሳቸውም ሰምተዋል ማለት ነው።

«አዎ አዴ... ገና ነው እኮ» አልኳቸው።

«ገና መሆኑንማ አውቃለሁ። ግን እንዲህ ያለ ነገር ከእኔ ይደበቃል?»

«ኧረ አዴ፣ እጃችን ሳይገባ ምን ብለን እንንገርዎት?»

«ይሁን በቃ። ቅዳሜ ጠዋት ዕቃችሁን አውጡ፤ ቤቷን ፈልጌያታለሁ» ብለውኝ ወደ ላሞቻቸው ሄዱ።

በእኛ ከተማ «ቤቱን ፈልጌዋለሁ» ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አላስረዳም። ወይ ጨምር ነው፣ ወይ ውጣ። ውል አለን፤ ግን «ለራሴ ነው የምፈልገው» ያለን ባለቤት ምን ብለህ ትከራከረዋለህ? እኔ ስናደድ ምላሴ ልጓም የለውም። ለሰናይት ስነግራት ስለ ሴትዮዋ ያላልኩት የለም። እሷ ግን አብራኝ አልተቆጣችም። «በዚህ ሆዴ ማን ቤቱ ያስገባኛል?» አለች። ከዚያ አለቀሰች።

በማግስቱ ጎፋ ሄደን ደላላ ያዝን። አንደኛው ቤት ዋጋው አይቀመስም። ሌላው ለአቅማችን ደህና ነበር፤ ባለቤቲቱ ግን የሰናይትን ሆድ ገና ከማየቷ «እኛ የምንፈልገው ልጅ የሌለው ነው» ብላ አሰናበተችን። ሌላ ምርጫ ስናጣ፣ ሰናይት ክፍለ ሀገር አክስቷ ጋ ሄዳ ልትወልድ፣ እኔ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ልዳበል ተስማማን። የመጀመሪያ ልጄ ሲወለድ አልኖርም ማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አይሱዙ አስመጥቼ፣ አልጋውን ፈትቼ መጫን ጀመርኩ። አዴ ጫልቱ ከጓሮ ብቅ አሉና ክው ብለው ቀሩ።

«ይሄ መኪና ምንድን ነው?»

«ዕቃ አውጡ ብለውን የለ?» አልኩ፣ ቁጣዬን እየዋጥኩ።

«ወደ እኔ ሳሎን ነዋ! ቆርቆሮ ሊቀየር አይደል? ሠራተኞቹ መንገድ ላይ ናቸው። ልጅቷ አራስ ስትሆን ይዝነብባት ነው የምትለው?»

የአልጋውን ራስጌ እንደታቀፍኩ ወደ እሳቸው ዞርኩ። «የምን አራስ? ጭማሪ ያሉኝ... የደመወዙን አይደለም እንዴ?»

«የደመወዝህን ምን አገባኝ!» አሉ በዚያ ድምፃቸው። «ሰው መጨመራችሁን ነው እንጂ! ዕድሜዬን ሙሉ ላም ሳስወልድ የኖርኩትን ሴትዮ በነጠላ ልትሸውዱኝ?»

ሹፌሩ ሳይቀር መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ሰናይት ከውስጥ ሰምታ ወጣች። አዴ ጫልቱ እጃቸውን ሆዷ ላይ አድርገው በኦሮምኛ መረቋት፤ ቃሉን ባልይዘውም ምርቃት መሆኑ ይታወቃል። ከዚያ ወደ ሹፌሩ ዞረው «አውርድ!» አሉት።

እኔ ግን አላስችል ብሎኝ «ኪራዩስ አዴ?» አልኳቸው።

«እሱን ልጁ ይወለድና እንጨቃጨቃለን። አሁን ድስቱን አንሳ!»

ቆርቆሮው እስኪቀየር ሳሎናቸው ውስጥ ከረምን። ልጃችን የተወለደችው እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ እኔም የማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ ነበር። የሰናይት እናት አርፈዋል፣ የእኔም እንደዚያው። ያረሷት፣ ያጠቧት፣ ጠዋት ጠዋት ገንፎ ይዘው የሚገቡት አዴ ጫልቱ ነበሩ። ኪራዩንም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ኋላ ላይ ትንሽ ጨምረዋል። እሳቸውም ኑሮ አለባቸው።

የደመወዙም ነገር እንደ ተባለው ሆነ፣ መጣ። ደስ ብሎኛል፤ ቢሆንም ብዙውን ገበያው ተቀበለኝ። ሰው ግን እንዲህ ያለ ደግነት ከባዳ አገኛለሁ ብሎ አያስብም። ወረቀት ላይ ስሜ ከአዴ ጫልቱ ስም ጋር የተጻፈው አከራይና ተከራይ ተብሎ ብቻ ነው።

አሁን ልጃችን ገና ማልቀስ ስትጀምር ከጓሮ የአዴ ጫልቱ ድምፅ ይቀድማል። «ምን አድርጋችኋት ነው? እናንተ ልጅ መያዝ አታውቁም!» እያሉ በሩን በርግደው ይገባሉ፣ ከእጄ መንጭቀው ይወስዷታል፣ እኔንም በደንብ ይቆጡኛል። ይቆጡኝ። ዕድሜ ብቻ ይስጥልኝ።